ፈቲያ ያነበበችው ደብዳቤ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ አዳማ በሙቀት በምትነድበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ቅዳሜ ግን አልረሳሁትም። አንዳንዴ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትዝ ሲለኝ፣ ማንም ሳያናግረኝ ፊቴ ይግላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፈገግ እላለሁ።

አስቴር እባላለሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የጉምሩክ ሰነድ እሠራለሁ። ያኔ የምኖረው ግን አዳማ ነበር፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሁለት ልጆች ጋር በደባልነት።

አንደኛዋ ፈቲያ ናት። ቤተሰቦቿ ወሎ የሚኖሩ ነጋዴዎች ናቸው። እሷ አዳማ ባለው የአጎቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ሁለተኛዋ ጫልቱ ትባላለች፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ደግሞ የመዘምራን አባል። ሦስታችንንም ያገናኘን ደላላ ነው። ተዋውቀን ሳይሆን ቤት ስንፈልግ ነው አብረን የገባነው።

የቤቱ ባለቤት አዴ ድንቂቱ ይባላሉ። ወለንጪቲ የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ቤቱን ገዝተው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አዴ ድንቂቱ ውል የተዋዋልን ቀን እያንዳንዱን መስመር ጣታቸውን እያስኬዱ ሲያነቡ አስታውሳለሁ። አንዱ አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩን።

«ይቺን በደንብ ስሟት» አሉ። «ከሦስታችሁ አንዷ ከዓመቱ በፊት ከለቀቀች ውሉ ለሦስታችሁም ይፈርሳል። ሦስት ሆናችሁ ገባችሁ፣ ሦስት ሆናችሁ ትወጣላችሁ።»

ቤት አጥተን ስንንከራተት ከርመን ስለነበር ሦስታችንም ሳናቅማማ ፈረምን።

ስምንት ወር ኖርን። እውነቱን ለመናገር ክፉ ነገር አልነበረም። ግን እኔ ልጅ ሆኜም ብቻዬን መሆን የምወድ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ስልክና ጩኸት ነው። ማታ ስገባ ደግሞ ፈቲያ ከእህቶቿ ጋር በስልክ ታወራለች፣ ጫልቱ ገና ሳይነጋ ተነስታ ድምፅ አውጥታ ትጸልያለች፣ ከዚያ መዝሙር ትለማመዳለች። እኔ ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። አንድም ቀን ግን ምንም ተናግሬ አላውቅም። ሳቅ ብዬ ነው የማልፈው።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሞጆ ውስጥ፣ ከቢሮዬ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ አንድ ክፍል ተገኘች። የራሷ መግቢያና የራሷ ውኃ ያላት፣ ደጇ ላይ የሎሚ ዛፍ የቆመባት ናት። ያየኋት ቀን ልቤ እዚያው ቀረ። አከራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚጠብቀኝ ቃል ገባልኝ።

ችግሩ ያ አንቀጽ ነው። እኔ ከወጣሁ ፈቲያና ጫልቱም ዕቃቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። በዓመቱ መሀል፣ ቤት በማይገኝበት ጊዜ። ሌላ ሰው ቢሆን «ልጆች፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል፣ ምን እናድርግ?» ብሎ ያማክራቸው ነበር። እኔ ግን ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ፈራሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሳልነግራቸው ሳምንት አለፈ።

ቢሮ ውስጥ ደረጀ የሚባል ባልደረባ አለኝ። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ መውጫ ቀዳዳ አለው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጭንቀቴን ስነግረው ሳቀ።

«ቀላል ነው እኮ። ከደባሎችሽ ጋር መስማማት እንዳልቻልሽ ለአከራይዋ ጻፊላት። አከራይ ጸብ ይፈራል። አንቺን ሸኝታ ትገላገላለች።»

«አልተጣላንማ» አልኩት።

«ታዲያ ትንሽ ጨመር አድርጊበት። ማን ያጣራል?»

ያን ቀን ከሰዓት፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን በምሞላበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ጫልቱ ጎህ ሳይቀድ በምታሰማው ጩኸት እንቅልፍ እንዳጣሁ ጻፍኩ። ጩኸት ነው ያልኩት፣ ጸሎት አላልኩም። ፈቲያ ያለ አከራይ ፈቃድ ሰው ቤት ውስጥ እንደምታሳድር ጻፍኩ።

ፈቲያ ያሳደረችው ሰው ታናሽ እህቷ ነበረች። ልጅቷ ከወሎ ለሕክምና መጥታ ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ሰነበተች። ሻይ እያፈላሁ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስትሄድ አቅፋ ስማኝ ነው የተለየችን። በደብዳቤው ላይ ግን ስሟ የለም። «ሰው ታሳድራለች» ብቻ ነው የሚለው። አዴ ድንቂቱ እንግዳ ማሳደር በውሉ ላይ በግልጽ ከልክለው እንደነበር አውቃለሁ። አውቄ ነው የጻፍኩት። መጨረሻ ላይ ሞጆ ክፍል እንዳገኘሁ ገልጬ፣ ሰላም ስላጣሁ እኔን ብቻ እንዲያሰናብቱኝ ለምኜ ፈረምኩ።

ቢበዛ ይቆጧቸዋል እንጂ አያስወጧቸውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ፣ ወለንጪቲ ለሚሠራ አንድ የማውቀው የሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። አዴ ድንቂቱን አገሩ ሁሉ ያውቃቸዋል።

አራት ቀን ያለ ምንም መልስ አለፈ። በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን ሠርቼ ገባሁ። ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ሦስታችንም ቤት ነን። ጫልቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። ፈቲያ ልብስ እያጣጠፈች ነው። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። በሩ ተንኳኳ። ፈቲያ ከፈተችው።

«አዴ ድንቂቱ! ምን ሆነው ነው?» ስትል ሰማሁ።

ቢላዋውን እንደያዝኩ አንገቴን ብቅ አደረግኩ። አዴ ድንቂቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ያን ሁሉ ደረጃ የብረቱን ድጋፍ ይዘው ብቻቸውን ነው የወጡት።

«አከም ጅርቱ፣ ልጆቼ» አሉ እያለከለኩ። «ምንም አልሆንኩም። ሞራ ነው፣ ትናንት ተገፈፈልኝ። ዛሬ ሐኪሙ አየኝና ደህና ነው ብሎ ለቀቀኝ። ፀሐዩ በረድ እስኪል እናንተ ጋ አረፍ ልበል ብዬ ነው።»

ጫልቱ ደብተሮቹን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላቸው። ፈቲያ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣችላቸው። እኔ ወጥቼ ሰላም አልኳቸው። ጉንጬን ሳሙኝ። ደብዳቤው አልደረሳቸውም ማለት ነው ብዬ ትንሽ ተነፈስኩ።

ተመልሼ ሽንኩርቴን ልጨርስ ስል ድምፃቸውን ሰማሁ።

«እንዲያውም ረስቼው። ወረቀታችሁ ደርሶኛል።»

እጄ ቢላዋው ላይ ቀረ።

«የምን ወረቀት?» አለች ፈቲያ።

«የላካችሁልኝ ነዋ። ሾፌሩ ከአዳማ ልጆችሽ ነው ብሎ ሰጠኝ። ዓይኔ ደግሞ አንዱን ሞራ ሸፍኖት ነበር፣ ይኸው አሁን ታሽጓል፣ አንዱ ዱሮም ደካማ ነው። ቤት ያሉት የልጅ ልጆቼ በቁቤ እንጂ በአማርኛ ቶሎ ማንበብ አይችሉም። ለጎረቤት ሰጥቼ እንዳላስነብብ፣ የቤት ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት።» ከቦርሳቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ፖስታ አወጡ። ቀደው ከፍተውታል። «ራሳችሁ ጻፋችሁት፣ ራሳችሁ አንብቡልኝ።»

በሩጫ ወጣሁ። «እኔ ላንብብልዎት» አልኩ።

«አንቺ እጅሽ ሽንኩርት ነው» አሉ። «ምግቡን ጨርሺ። ፈቲያ ታንብበው።»

ፈቲያ ፖስታውን ተቀበለች። ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው። ጽሕፈቴን እንዳወቀችው ፊቷ ላይ አየሁ፤ ቀና ብላ አየችኝና ግራ በመጋባት ፈገግ አለች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች።

«ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ድንቂቱ። በመጀመሪያ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል...»

እዚህ ላይ ቆመች። ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። እኔ የወጥ ቤቱን በር ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ የት መስመር ላይ እንዳለች ከፊቷ አውቃለሁ። ፈገግታዋ ጠፋ። አንድ ጊዜ ወረቀቱን አገላብጣ ፊርማውን አየች። ተመልሳ ከላይ ጀመረች። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር።

«ምነው?» አሉ አዴ ድንቂቱ።

«ምንም አይደለም» አለች ፈቲያ። «አስቱ ስትቸኩል ጽሕፈቷ አይነበብም። ቀስ ብዬ ላንብበው።»

ከዚያ አነበበች። እያንዳንዱን ቃል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«እኔ አስቴር በዚህ ቤት ስኖር ምንም አልጎደለብኝም። ሥራዬ ሞጆ በመሆኑ ግን በየቀኑ መመላለሱ ከብዶኛል። እዚያው ከሥራዬ አጠገብ አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ። በውላችን መሠረት እኔ ከለቀቅኩ ፈቲያና ጫልቱም እንደሚለቁ አውቃለሁ። እነሱ ምንም አላጠፉም። ጫልቱ የትምህርት ቤት ሥራ አለባት፣ ፈቲያም ሱቋ እዚህ ቅርብ ነው። በእኔ ምክንያት እንዳይንገላቱብኝ እለምንዎታለሁ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። ጫልቱ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ምንም አላወቀችም። የገባት ልለቅ መሆኔ ብቻ ነው።

ፈቲያ ቀጠለች።

«ሌላም ልነግርዎት የሚገባ ነገር አለ። በጥር ወር የፈቲያ ታናሽ እህት ታማ ለሕክምና መጥታ ሦስት ሌሊት ከእኛ ጋር አድራለች። እንግዳ ማሳደር እንደማይቻል ውሉ ላይ ተጽፏል። አስቀድመን ሳናስፈቅድዎት ስለቀረን ይቅርታ ያድርጉልን። አክባሪዎ አስቴር።»

ወረቀቱን አጠፈችው።

አዴ ድንቂቱ ፋሻቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ለጊዜው የመለሱት ለመጨረሻው ነገር ነው።

«እህትሽ ታማ?» አሏት።

«አዎ፣ እማዬ። አሁን ድናለች፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ እህት ታማ የት ትደር? ሆቴል ልትልኪያት ነበር?» አሉ እንደ መቆጣት ብለው። «እኔ እንግዳ ያልኩት እህት አይደለም።»

ያን ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞላ። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

አዴ ድንቂቱ ስለ አንቀጹ ነገሩን። ከእኛ በፊት ቤቱን ለሦስት ወጣቶች አከራይተው ነበር። አንዱ ወጣ፣ ሌላ አስገባ። ሁለተኛው ወጣ፣ እሱም ሌላ ተካ። በመጨረሻ እሳቸው መጥተው ሲያንኳኩ በሩን የከፈተላቸው የማያውቁት ሰው «እርስዎ ማን ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«በገዛ ቤቴ ማን ነሽ ተባልኩ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ነው ይቺን ነገር ያስጻፍኳት። ክፋት አይደለም፣ ፈርቼ ነው።» ወደ ጫልቱ ዞሩ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ጫልቱ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ መልቀቋን አሁን ነው የሰማሁት» አለች። ቅር እንዳላት ያስታውቃል። «ግን ትምህርት ቤታችን ከደራ የተዛወረች አንዲት መምህርት አለች። ቤት አጥታ ዘመድ ቤት ተጠግታለች። ጨዋ ልጅ ናት። እርስዎ ካሉ...»

አዴ ድንቂቱ አሰቡ።

«ቶሌ፣ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷን ይዛችሁ ወለንጪቲ ኑ። ዓይኔ ሲከፈት ልያት። ከወደድኳት አዲስ ውል እንጽፋለን። አስቴርም በሰላም ትሂድ።» ወዲያው እጃቸውን ወደ ፈቲያ ዘረጉ። «በይ ወረቀቱን ስጪኝ። ከውሉ ጋር አስቀምጠዋለሁ። መነጽር ሲታዘዝልኝ ራሴ ደግሜ አነበዋለሁ። አስቴር ጥሩ አድርጋ ነው የጻፈችው።»

ፈቲያ ወረቀቱን አልለቀቀችም።

«እማዬ» አለች ፈቲያ ወዲያው፣ «ይሄ እንዲህ ሆኖ ይቀመጣል እንዴ? ተሰርዞ ተደልዞ እኮ ነው። አስቱ በንጹሕ ወረቀት ትገልብጠውና ሦስታችንም እንፈርምበት። ለውልም ይሻላል።»

«እሱም ደግ ነው» አሉ አዴ ድንቂቱ።

ጫልቱ ከአንዱ ደብተር መሀል ሁለት ንጹሕ ወረቀት ገንጥላ ሰጠችኝ። እጄን ታጥቤ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። ፈቲያ ከፊት ለፊቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የእኔን ደብዳቤ ወደ ራሷ አዙራ ያዘችና ቅድም ያለችውን ሁሉ ቃል በቃል ታስጽፈኝ ጀመር።

«እኔ አስቴር በዚህ ቤት ስኖር ምንም አልጎደለብኝም» አለች።

ጻፍኩ።

«እነሱ ምንም አላጠፉም» ስትል ቆም አለች፤ እስክጽፈው ጠበቀችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ የጻፍኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። አንድ ፊደል አልሰረዝኩም። ሦስታችንም ፈረምን። አዴ ድንቂቱ አዲሱን ወረቀት በፌስታሉ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ምሳ አብረን በላን። አዴ ድንቂቱ የሠራሁትን ቲማቲም ለብለብ አመስግነው በሉ። ፈቲያ ስለ ሕክምናቸው እየጠየቀች በደንብ ታጫውታቸዋለች። አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ሲበርድ ፈቲያና እኔ ደግፈን ወደ ታች አወረድናቸውና ባጃጅ ላይ አሳፈርናቸው። መንገዱ ላይ እስኪታጠፉ እጃችንን አወዛወዝን።

ከዚያ ሁለታችን ቀረን። ፈቲያ ከቀሚሷ ኪስ የፊተኛውን ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ።

«ያንቺ ነው» አለች።

«ፈቲያ፣ ለምን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን ላድርግ? ጫልቱ ፊት ላንብበው? እሳቸውስ ትናንት ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ ሰው ናቸው። እኛን ብለው ደረጃ ወጥተው መጥተው ይሄን ይስሙ?» ድምፅዋ ያን ጊዜ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እህቴ አስከፍታሽ ነበር?»

«ወላሂ አላስከፋችኝም» አልኳት። የእሷን መሐላ እንዴት ከአፌ እንዳወጣሁት አላውቅም። «እወዳታለሁ። ለመውጣት ብዬ ነው። ፈሪ ስለሆንኩ ነው።»

«እሷ እኮ ሁልጊዜ ስደውል አስቱ እንዴት ናት ትለኛለች» አለች። እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «ለጫልቱ ራስሽ ንገሪያት። እኔ አልነግራትም። አልዋሽላትምም።»

ደረጃውን ቀድማኝ ወጣች። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ነበር። አላለችኝም። ሦስት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። ስገባ ሰላም ትለኛለች፣ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሏ ትገባለች። ያ ዝምታ ከማንኛውም ስድብ የበለጠ ጎዳኝ።

ለጫልቱ በማግሥቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ ደብዳቤውን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የተማሪ ፈተና እንደምታርም አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ጩኸት» አለች ቃሉ ላይ ጣቷን አድርጋ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«መጮኼስ እጮኻለሁ» አለች። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ ነው ብዬ ፊቷን አየሁ። «የከፋኝ እሱ አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ ከእንቅልፍሽ እየቀሰቀስኩሽ አንድ ቀን እንኳ ጫልቱ ቀስ በይ አላልሽኝም። ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ ብዬ ስጠይቅሽ ደህና ትዪኛለሽ። እኔ ደግሞ አምንሻለሁ።»

እሷ እጇን ዘርግታ ጭንቅላቴ ላይ አደረገችና እዚያው ጸለየችልኝ፤ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ። ሁለታችንም መሀል ላይ ሳቅ አመለጠን። ስናበቃ ደብዳቤውን እኔው ራሴ ቀዳድጄ ጣልኩት።

ፈቲያ ልቧ የራራልኝ ረቡዕ ዕለት ነው። ከሱቅ ስትመለስ አንድ የመጋረጃ ጨርቅ ይዛ መጣችና አልጋዬ ላይ ወረወረችው። «የሞጆዋ ክፍል መስኮት ምን ያህል ነው? ለክተሽ ነይ፣ አሰፋልሻለሁ» አለችኝ። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ደግሞ «ኧረ ተዪ፣ ጨርቁን ታበላሺዋለሽ» ብላ ተቆጣችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አራት ሆነን ወለንጪቲ ሄድን፤ እኔ፣ ፈቲያ፣ ጫልቱና ከደራ የመጣችው መምህርት። አዴ ድንቂቱ አዲስ መነጽር አድርገዋል። ልጅቷን አጠገባቸው አስቀምጠው የማን ልጅ እንደሆነች፣ ደራ ውስጥ የት ሰፈር እንዳደገች አንድ ባንድ ጠየቋት። በአፋን ኦሮሞ ብዙ አወሩ፣ ሳቁም። ከዚያ አዲሱን ውል አጻፉ። ያ አንቀጽ አልቀረም፤ ግን አንድ መስመር ተጨመረበት። መልቀቅ የፈለገች ለሌሎቹ አስቀድማ ከነገረችና ሦስቱም አብረው መጥተው አዴ ድንቂቱን ካነጋገሩ፣ ውሉ አይፈርስም ይላል።

ለአዴ ድንቂቱ እውነቱን እስካሁን አልነገርኳቸውም። ጫልቱ ንገሪያቸው ትላለች። ፈቲያ ተዪው፣ ምን ያደርግላቸዋል ትላለች። እኔ አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ስፈራ ዓመት ሆነኝ፤ በዚህ ረገድ ገና አልተለወጥኩም።

ሞጆ ያለችውን ክፍሌን ግን እወዳታለሁ። ማታ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ የምሰማው ጸጥታ ያኔ የተመኘሁት ዓይነት ነው። በመውጣቴ አልተጸጸትኩም፤ የአወጣጤ ነገር ነው የሚያሳፍረኝ። ስምንት ወር አብሬያቸው ስኖር ፈቲያን የማውቃት ይመስለኝ ነበር። ለካ በስልክ ብዙ የምታወራ ልጅ መሆኗን ብቻ ነው የማውቀው። አሁን ከሦስታችን ማናችንም ቅር ያለን ነገር ካለ እንነጋገራለን። አንዳንዴ እንጨቃጨቃለን። እውነት ለመናገር ከድሮው የበለጠ የምንጨቃጨቀው አሁን ነው፤ የምንዋደደውም አሁን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ አብዛኛውን ጊዜ አዳማ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ማንጎ ገዝቼ ስደርስ የግቢው በር ላይ አዲስ የተቀጠሩ ጥበቃ አስቆሙኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ።

«ማን ጋ ነሽ?» አሉኝ።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እንግዳ ነኝ ልላቸው አፌን ስከፍት ፈቲያ ከሰገነቱ ላይ ልብስ እያሰጣች አየችን።

«አባባ፣ ያስገቧት» አለች ወደ ታች ጎንበስ ብላ። «የቤት ሰው ናት።»

ሽማግሌው በሩን ከፈቱልኝ። ማንጎዬን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።